የእማዬ ድምፅ ያለበት ዘፈን

ለምወድህ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ከርሟል? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ደህና ነን።

የአባዬ አዲሱ ዘፈን ገና ሳይወጣ በየሰው ስልክ ገብቶልሃል። ትናንት ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። መሃሉ ላይ እማዬ ከማድ ቤት «ኧረ ምሳው ቀዘቀዘ!» ስትል ታክሲው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም «በስተርጅና ዘፋኝ ሆንኩ» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። አባዬ ግን አልሳቀም። ሁለት ዓመት የለፋበት ነዋ! አሳታሚውም «ሁሉም በነጻ የያዘውን ማን ይገዛኛል?» ብሎ ትቶታል።

ስቱዲዮ የተቀዳው ላይ የእማዬ ድምፅ የለም። ይሄ የተሰራጨው ሳሎን ውስጥ በስልኬ የቀዳሁት ነው፤ «ድምጿ ናፈቀኝ» ስትለኝ የላክሁልህ። አባዬ «ከወንድምሽ ሌላ ለሰው ልከሽ ነበር?» አለኝ። «ኧረ ለማንም» አልኩት። ጠበቃው አባዬን «መጀመሪያ ያወጣውን ፈልገን እንክሰስ» ቢለው «ይቅር» ብሎ ተነሳ።

ለመሆኑ ስልክህ ጠፍቶብህ ነበር እንዴ? ጠፍቶብህ ከሆነ በሞቴ ቶሎ ጻፍልኝ።

እማዬ ጉንጭህን እያገላበጠች ትስምሃለች። አባዬም ሰላም ብሎሃል። ሌላ ዘፈን ጀምሯል፤ «ልላክለት?» ስለው ግን በሩን ዘጋና «ይቆይ» አለኝ።

ናፋቂ እህትህ