የእጅ ልክ

ኅዳር 3
የቲያትር ልምምድ እያነሳሁ ነበር። ሁለተኛው ገቢር ላይ ካሜራው ከእጄ አመለጠ። ማንገቻው ባይኖር ወለሉ ላይ ነበር። አዘጋጁ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምነው ደከመህ እንዴ?» አለኝ። «ላብ ነው» አልኩ። በዚህ ብርድ... ላብ ከየት መጣ?

አውራ ጣቴ ናት። ከሥሯ ትጠዘጥዘኛለች። ካሜራውም አያግዝም፤ ፊቱ ልሙጥ፣ ጣት የሚያሳርፉበት የለው፣ እርጥብ ሳሙና በለው። ግን ሲያነሳ ድምፁ አይሰማም። ቲያትር ቤቱ እኔን የያዘኝም ለዚሁ ነው፤ ተዋናይ አልረብሽም።

ኅዳር 5
ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «መጋጠሚያው አልቋል። መጨበጥ ይቀንሱ» አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ... የበሩን እጀታ ጨብጬ።

ኅዳር 8
አዘጋጁ የነቃብኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ። ተመልካች ፊት ቢወድቅብህስ? በመጨረሻው ልምምድ አይሃለሁ። ካልሆነ ሌላ ሰው እጠራለሁ።» አልተቀየምኩም። እውነቱን ነው። ግን ይሄ ሥራ ከቀረ ምን ልሠራ ነው? ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ላነሳ?

ለካሜራው የብረት መያዣ ገዝቼ ገጠምኩበት። የተሠራው መዳፉ አካፋ ለሚያህል ሰው ነው። መለስኩት።

ኅዳር 9
እትዬ ዘንድ። ታላቅ እህቴ ጫማ ሠሪ ናት፤ ከቡሽና ከቆዳ የማታወጣው ነገር የለም። ካሜራውን አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ነገር እስከዛሬ በምን ተአምር ያዝከው?»

«በልምድ።»

ሰም አለስልሳ ፊቱ ላይ ለጠፈች። «በል ጨብጥ።» ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጨበጥኩት። የጣቶቼ ቅርጽ ወጣ። ስለ ሕመሙ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችም።

ኅዳር 14
መያዣው ደረሰ። ውስጡ ቡሽ፣ ላዩ ጥቁር የፍየል ቆዳ፣ ስፌቱ የማይታይ። ሲያምር! እጄ ግን ዋኘበት። የጣቶቼ ጫፍ ላይ ክፍት ቦታ ትታለች... ልክ እንደ ጫማ።

«ጣት መንቀሳቀሻ ይፈልጋል» አለች ኮስተር ብላ።

«እትዬ፣ እጄ እኮ መንገድ አይሄድም!»

መጀመሪያ እጄን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ መርፌዋን ጥላ ፍርስ። ክፍተቱን በቡሽ ሞላችው። ወፈር አለ። ይሁን ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ኅዳር 16
ጉድ ሆንኩ። ይሄ ካሜራ አንዱን ነገር በሁለት መስኮት ነው የሚያየው፤ ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ሲገጥሙ ጥራቱ ተስተካከለ ማለት ነው። ዛሬ ሁለተኛው ምስል ጠፋ። የመድረኩ መብራት ደክሞ ነው ብዬ በግምት አነሳሁ። ፊልሙን ሳጥበው ሁሉም ብዥታ። ለካ መያዣው ወፍሮ የመሃል ጣቴን ወደ ላይ ገፍቷታል፤ ትንሿን መስኮት የደፈንኳት በገዛ ጣቴ ነው።

የመጨረሻው ልምምድ ደርሷል። ፈራሁ።

ኅዳር 18
እትዬ ቲያትር ቤት መጣች። «ስትሠራ ካላየሁህ ሁለተኛ አልነካውም» ብላ። በሥራ ላይ አይታኝ አታውቅም። እኔስ መቼ ጠርቻት? መያዣውን አስወለቀችኝና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መድረኩን ከመጤፍ አልቆጠረችውም፤ የምታየው እጄን ነው። መሃል ላይ ዞሬ እሷኑ አነሳኋት።

ስንወጣ፦

«አውራ ጣትህን ያምሃል።»

«ትንሽ።»

«ምነው አልነገርከኝ?»

ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ። እሷው ቀጠለች፦

«መንገደኛ እንኳ ቢመጣ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ ብዬ ነው ልክ የምወስደው። አንተን አልጠየቅኩም። ወንድሜ አይደል፣ አውቀዋለሁ ብዬ...»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አሳዘነችኝ። እኔም በራሴ አዘንኩ።

ኅዳር 23
የመጨረሻው ልምምድ። አዲሱ መያዣ ቀጭን ነው። የመሃል ጣቴን ይገፋ የነበረው ጉብታ ዝቅ ብሏል፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ሦስቱ ጣቶችና መዳፌ ናቸው። ከኋላ ለአውራ ጣቴ የቆዳ ትራስ ሠርታላታለች፤ መጨበጥ የለባትም፣ ማረፍ ብቻ። መስኮቷ አልተደፈነችም። አላመመኝም አልልም። ግን አንዴም አላመለጠኝም። አዘጋጁ ሲያልፍ፣ «ሌላ ሰው አልጠራም፣ ጋሼ» አለ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 25
እትዬን ያነሳሁበትን ፊልም ዛሬ አተምኩት። ባዶ ወንበሮች መሃል ቁጭ ብላለች። በግራ እጇ የቀኝ አውራ ጣቷን ሥር እያሸች ነው። ማንም የሚያያት አልመሰላትም... ፊቷ ጭምድድ ብሏል። ስንት ዘመን ወስፌ ገፋች? ስንት ዘመን መዶሻ? የኔን መያዣ ስትሠራ፣ ስታፈርስ፣ መልሳ ስትሠራ የነበረው በዚህ እጅ ነው?

ፎቶውን ይዤላት ሄድኩ። አተኩራ አየችው።

«አስረጀኸኝ እባክህ።»

«ጣትሽን ነው እኔ የማየው፣ እትዬ።»

«የእናታችን ውርስ ነዋ። ሌላማ ምን ትታልን ሄደች!» ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። እሷም ሳቁን ተወችው፣ ፎቶውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ወንበር ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። «በይ ሥሪ» አልኳት። «መዶሻውን እንዴት እንደምትይዢው ልየው።»