«ወዴት ነው?» የሚል የጠፋበት መንገድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለክንዴ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ? ባለቤትህ ሸጋስ፣ ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? የድሬዳዋ ሙቀትስ? እኔ በቆሰበር ብርድ ሁለት ጋቢ ደርቤ፣ ጣቴ ብዕር አልይዝም እያለኝ አለሁ።

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ የእህታችንን የማናለብሽን መርዶ ሰምተሃል። ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ ሽባባው የአገር ሰዎች ይዞ በንጋት ሳይነግርህ ደብዳቤውን እንዳይሰጥህ አስምዬዋለሁ። መርዶ በፖስታ አይላክም፤ ይህን ያህል ሥርዓት አልረሳሁም። የጫግኒ ወባ እንዴት እንደሚገድል ታውቃለህና እሱን አልጽፍልህም። የምጽፍልህ እናታችን እንዴት እንደሄደች ነው።

ማናለብሽ መታመሟን እንደሰማን እናታችን ሰኞ በእግሬ እሄዳለሁ አለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ እንደሆነ አስታወስኳት። ጫግኒ ቆላ ስለሆነ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም አለችኝ። ጎረቤታችን አበረ በቅሎውን ጭኖ አቀረበላት። ወገቧን ያማታል ብላ መለሰችው። የበቅሎዋን ወገብ ማለቷ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጋዴው ሸዕባን ከጫግኒ ገብቶ ማናለብሽ ማረፏን በጆሮዬ ነገረኝ። ሽማግሌዎቹ መክረው፣ እዚያው ደርሳ ከዘመድ መሀል ብትሰማ ይሻላል አሉ። ሸዕባን በመንገዱ ያለ ወዳጅ ሁሉ እንዳይነግራት አደራ እያለ ቀድሞን ተመለሰ። እኔ ደግሞ እንድሸኛትና አፌን እንድዘጋ ተፈረደብኝ።

ሁለት ቀን ሄድን። ለበሽተኛዋ የያዘችውን የማር ቅል ለእኔ እንኳ ሳታስይዝ፣ ብትሯን ተመርኩዛ ከፊቴ ከፊቴ ትላለች። ጫማ ያደረግሁት እኔ፣ እግሬ የተላጠብኝም እኔ። ሰው አደራውን ከሚገባው በላይ ጠበቀ። አራሹ ሞፈሩን ለቆ እጅ ይነሣል፤ ሴቶች እርጎ ይዘው ይወጣሉ። ግምጃ ቤት ስናድር ደብሪቱ እግሯን አጥባ ሳመቻት። ደብሪቱን ታውቃታለህ፤ ውሃ ስትጠየቅ ወንዙን የምታሳይ ናት።

በማግሥቱ ጫግኒ ከታች ስትታይ እናታችን ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አወጣችው፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው።

«ከቆሰበር እስከዚህ አንድ ሰው ወዴት ነው አላለኝም» አለች። «በዚህ መንገድ ወዴት ነው የማይባለው ሬሳና ሐዘንተኛ ነው። ትናንት ቀትር ላይ ገብቶኛል። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁ።»

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው፣ ያልተጠየቀ ጥያቄም እንደሚነበብ አላውቅም ነበር። ከገባሽ ለምን አልተመለስሽም አልኳት።

«ልጄ ያለችው እዚያ ነው» አለችና የማሩን ቅል ሰጠችኝ። ቁልቁለቱንም ቀድማኝ ጀመረችው።

ከተመለስን ወዲህ ከደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አላፊውን ሁሉ ወዴት ነው ትላለች። ገበያተኛውን፣ ቄሱን፣ ትናንት ደግሞ ላሙ ጠፍታበት ወዴት እንደሚሄድ እሱም የማያውቀውን ሰው። አንዳንዱ ሰልችቶት በጓሮ መዞር ጀምሯል።

ሸጋን እግዚአብሔር ያጽናሽ በልልኝ። ዓለምነውን ጉንጩን፣ ትንሿን እታለማሁን ግንባሯን ሳምልኝ። ሽባባውን መሐላውን ስለጠበቀ አመስግንልኝ። ማሩ እንደታሰረ አለ፤ ማንም አልነካውም። ለሙት ዓመቷ ስትመጣ እናታችን አንተንም ከደጃፍ ታስቆምሃለች። ወደ ቤት ነው በላት።

ወንድምህ ገብረ ማርያም
ቆሰበር፣ ኅዳር 9 ቀን 1956 ዓ.ም.