ነጥቧ የጠፋችው መስኮት

ልጄ አዳነ፣ የደብራችን ጊዮርጊስ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ እዚህ በአገርህ በግራና ደኅና ነን፤ የማሽላው እሸት ደርሷል።

ከቤሩት የላክኸው የአዲሱ ፎቅ ፎቶ ደረሰኝ። መሃል ከተማውን እንዲህ ቤት በቤት ላይ የሚከምሩት መሬት ጠቧቸው ነው? ምሰሶውስ የታለ? እሳት ቢጠፋብህ ከማን ቤት ትጭራለህ?

«በቀለም ነጥብ ያደረግሁባት መስኮት የእኔ ናት» ብለኸኝ ነበር። አዲስ ቤት ሳይባረክ አይገባምና ፎቶውን መምሬ ተፈራ ዘንድ ወስጄ ጸበል አስረጨሁት፤ ነጥቧ በጸበሉ ታጥባ ጠፋች። አሁን የቱ ጋ እንዳለህ ግራ ገባኝ።

እባክህ ሌላ ፎቶ ላክልኝ፤ መስኮትህን ግን በመርፌ ብሳልኝ። እስከዚያው መስኮቱን ሁሉ አንድ በአንድ እመርቃለሁ፤ የሌላ ሰው ልጅም ቢሆን ይመረቅ፣ አንዱ አንተ ነህ።

እናትህ ፀዳለ