ጸበል የፈሰሰበት ጊታር

ታኅሣሥ 4 ቀን 2003

ሱቅ ከፈትሁ። ገበያው ቀዝቃዛ። አንድ ሙሽራ መጋረጃ ስታማርጥ ዋለችና ሳትገዛ ወጣች። አባባ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እጄን ያያል።

"ምንድን ነው ጣትህ ላይ ያለው?"

የጨርቅ ጥቅል ፈትጎኝ ነው አልሁት። ጥቅሉን ዳሰሰ። ጨርቅ እጅ መፈተግ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ድራም ነው። ትናንት ጠዳ ስንለማመድ ዋልን፣ የዓይናዲስ አጎት ጀምሮ የተወው ቤት ውስጥ። በር የለውም፣ መስኮት የለውም፣ መብራት ግን ገብቶለታል። እኔ ድራም፣ ዓይናዲስ ቤዝ፣ ቢያዝን ጊታርና ድምፅ። ስማችን ቋጥኝ። ጎንደር ውስጥ ዴዝ ሜታል፣ ያንን እያጓሩ የሚዘፍኑትን የፈረንጅ ሙዚቃ፣ የሚጫወት ከኛ ሌላ አላውቅም። ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም... ጎረቤቲቱ ብቻ ጠየቁ። "ልጆቼ፣ ወፍጮ ልትተክሉ ነው?" ዓይናዲስ "አዎ እማማ" አለቻቸው። ደስ አላቸው።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ ስለ አጀማመራችን ሳስብ ዋልሁ። አምስት ዓመት ሊሆነን ነው እኮ።

ቢያዝን ደባርቅ ላይ ለቱሪስት በቅሎ ይነዳ ነበር። አንዱ ፈረንጅ ሲለየው ሲዲ ሰጠው። ሽፋን የለው፣ ስም የለው። የሚያጫውትበት ስላልነበረው ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። አዘዞ ቴክኒክ ስንማር አንድ ክፍል ተመደብን፤ ይዞት እኛ ቤት መጣ። ከፈትሁት። የተበላሸ መስሎኝ ወዲያው አወጣሁት።

"አልተበላሸም" አለ። "ሰውዬው ነው።"

ሰው እንዲያ ይጮሃል? ደነገጥሁ። ግን መልሼ ከተትሁት። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደሰማነው እንጃ።

ከዚያ ቢያዝን በየእረፍቱ ድብ ባሕር ወደ እናቱ ሲሄድ ሊማሊሞ መታጠፊያው ላይ እየወረደ ከጭነት መኪና ጋር ይጮህ ጀመር። መኪናው ሲያጓራ እሱም ያጓራል። ጉሮሮው ሲደማ ተወው፣ ከሆድ ማውጣትን ለመደ። ዓይናዲስ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ክራር ትመታ ነበር፤ መጥታ ሰማችንና "ወፍራም ክር ያስፈልጋችኋል" አለች። ቤዝ ይዛ ተመለሰች። አለቀ። ቋጥኝ ይኸው ነው።

እስከ ዛሬ ሰው ፊት ተጫውተን አናውቅም።

ጥር 2

ገባን! ወጣት ማዕከሉ ለጥምቀት ሰሞን ያዘጋጀው ዝግጅት ላይ... ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእስክስታው ቡድን ቀጥሎ። አዘጋጁ "ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?" ሲል ዓይናዲስ "ዘመናዊ" አለችው።

ቢያዝን ግን ፊቱ ጠቁሯል። እናቱ እማማ አየለች ለጥምቀት ሊመጡ ነው። ልጄ ሲዘፍን ልየው ብለዋል።

"ምን ብለሃቸዋል?" አልሁት።

"እዘፍናለሁ ብቻ ነው ያልኋት።"

"ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነስ?"

"አልጠየቀችኝም።"

ጥር 8

 ልጻፈው። ካልጻፍሁት ሕልም ሊመስለኝ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከገጠር የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ሁሉም። እስክስታው አልቆ ሰው ገና እያጨበጨበ ነው። እማማ አየለች ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ሙሽራ እናት ፈገግ ብለው።

ጀመርን። ቢያዝን ስለ በረዶ የጻፈውን ዘፈን። መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ ዓይናዲስ... ሰው ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ቢያዝን አፉን ከፈተ።

ጭጭ። አዳራሹ ሙሉ ጭጭ አለ። እማማ አየለች ፈገግታቸው እዚያው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ልጃቸውን ያዩታል፣ ከልጃቸው አፍ የሚወጣውን ይሰማሉ። ከዚያ ተነሥተው ጮኹ።

"ልጄን! ልጄን ያዙልኝ! ኧረ ልጄን!"

አንድ ሰው "ጸበል! ጸበል ያለው!" አለ። ለጥምቀት የመጣ ሕዝብ፣ ጸበል የሌለው ማን አለ? አንድ ወጣት በሃይላንድ የያዘውን ይዞ መድረኩ ላይ ዘለለ። ቢያዝን ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሲያጓራ ሁልጊዜ ይጨፍናል። አላየውም። ውኃው ከራሱ ጀምሮ ፈሰሰ... ፊቱ፣ ማይኩ፣ ጊታሩ፣ እጁ።

ጧ!

ኮረንቲ ያዘው። ከንፈሩ ማይኩ ላይ፣ ግራ እጁ ክሩ ላይ። አልለቅ አለው። ሰውነቱ ተገተረ፣ ተርገፈገፈ። ዓይናዲስ ገመዱን በእግሯ መትታ ነቀለችው። ያኔ እንደ ጆንያ ወደቀ። አረፋ ደፈቀ።

ሕዝቡ እልል አለ። እልል! "ለቀቀው! ጸበሉ አቃጠለው!" እያለ።

"ሆስፒታል! ኮረንቲ ነው!" ብዬ ጮህሁ። ዓይናዲስም ጮኸች። ማን ይስማን? አንድ ሰው ደረቴን ገፍቶ "አንተ ደግሞ ማነህ?" አለኝ። ተሸክመው ወሰዱት። ወዴት? አላውቅም። ከበሮ መምቻው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ጥር 9

ስልኩ አይነሳም። አዘዞ የተከራየው ክፍል ተቆልፏል። በሕይወት አለ?

ሰው ሁሉ በሞባይሉ ቀርጾታል። በብሉቱዝ ይቀባበሉታል። ዛሬ አንዱ ደንበኛ ለአባባ አሳየው፣ "ሸሪፍ አይደለም እንዴ ይህ?" እያለ። አባባ ሁለት ጊዜ አየው። ስልኩን መለሰ። ሜትሩን ጠቀለለ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"አምስት ዓመት ጠዳ ትሄድ የነበረው ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

ጥቅሉን ወደ መደርደሪያው መለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 12

ዓይናዲስ አገኘችው! ከደባርቅ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ጸበል ቦታ ነው። በሕይወት አለ። ግን ያየው ሰው "አንደበቱ ተዘግቷል" አላት። ተዘግቷል ማለት ምን ማለት ነው? ከጥምቀቱ ሰው የተነሣ ዛሬ መኪና የለም።

ጥር 14

ሄድን። ከአውቶቡስ ወርደን በእግር ዳገቱን ወጣን። ብርድ። ቢያዝን ዛፍ ሥር ቁጭ ብሏል፣ በጋቢ ተጠቅልሎ። ግራ እጁ በነጠላ ቅዳጅ ታስሯል። አየኝ። ዝም። ትከሻውን ያዝሁት። ዝም። ቢያዝን እኮ ነው! ያ ሁሉ ድምፅ የት ሄደ?

ሽታው ደረሰኝ። እጁ ነው። ዓይናዲስ ጨርቁን ገለጥ አደረገችና ፊቷን አዞረች። ሁለቱ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

እማማ አየለች ከወዲያ መጡ። ያለቀሱበት ዓይን።

"ሸሪፍ፣ ልጄ፣ ምነው እንዲህ አደረጋችሁብኝ? ሸጋ ልጅ ነበር የሰጠኋችሁ።"

 እስላም ነህ ምን አገባህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ማንም አላለኝም። የቦታው አባት፣ አባ ወልደኢየሱስ፣ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ቀጭን ሽማግሌ፣ ጉንፋን የያዛቸው።

"አብረኸው ነበርህ?"

"አዎ አባ።"

"ሲያጓራ ምን እያለ ነው? እሱ አልናገር አለኝ። አውቀኸዋል?"

"ስለ በረዶ ነው አባ።"

"በረዶ?"

"ካቻምና ነሐሴ ድብ ባሕር ላይ የጣለው። 'ሰማዩ ጥርሱን አረገፈብን፤ ጭቃው ጤፋችንን በላ' ነው የሚለው። ሌላ ነገር የለበትም። ራሱ ነው የጻፈው።"

 "ያ በረዶ ለኛም ተርፏል" አሉ አባ። "ሁለት ጥጃ ገድሎብኛል።"

እማማ አየለች ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ልጃቸውን አዩት።

"ይኸን ነው የምትለው?"

ቢያዝን ራሱን ነቀነቀ። 

"እውነቱን ነው" አሉ እናቱ ለአባ። "በረዶው እንዲያ እያለ ነበር የመጣ። ልክ እንዲያ። እኔማ የማውቀው ድምፅ ሆኖብኝ ነው የጮህሁ።"

 አምስት ዓመት ስንጫወት እንደሳቸው የገባው ሰው አላገኘንም።

አባ ወልደኢየሱስ ተነሡ። "ሴትዮ፣ ልጅሽ ላዝመራው ነው የጮኸ። እጁ ግን ሐኪም ይፈልጋል። ዛሬውኑ። ጸበሉ የትም አይሄድም፣ ሲድን ይመለስ።" ራሳቸው አስፋልቱ ድረስ ወርደው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አንድ አይሱዙ አስቆሙልን።

ጥር 15

ሐኪሙ "ምነው አንድ ሳምንት ቆያችሁ?" አለ።  ሁለት ጣት... ትንሿና ቀጥላ ያለችው። የግራ እጁ። ተቆረጡ።

ግራ እጅ። ክር የሚይዝበት።

እማማ አየለች ኮሪደሩ ላይ "እኔ ነኝ ያስቆረጥሁት" እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። ዓይናዲስ አቅፋቸዋለች። ስንገባ ዓይኑን ከፈተ። አፉን አላወሰ። ሁላችንም ጎንበስ አልን።

"አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ?"

በሳምንቱ የተናገረው ቃል! እናቱ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። "አንቺ አይደለሽም እማ" አላቸው። "የሽቦው ጥፋት ነው።"

አባባ ማታ መጥቶ ጠየቀው። ያልጠበቅሁት። እጁን አየ፣ እማማ አየለችን "እግዜር ይማርልሽ እህቴ" አላቸው፣ ወጣ። ቤት ስንደርስ እራት ቀርቦ፦

"ያ ነገር አንተንም ሊገድልህ ይችል ነበር?"

"ይችል ነበር።"

ጉርሻውን መለሰው። ሳይበላ ተኛ።

መጋቢት 20

የለም። በቃ። ጠዳ ሄደን ሞከርን። ጊታሩን ተወው፣ ድምፅ ብቻ አለ። ማይኩን አፉ ላይ ሲያደርገው ሰውነቱ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ ወረደ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ማይክ ሳይኖርም ሞከረ... ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

"አይመጣም ሸሪፍ" አለኝ። እንደ ቀላል ነገር።

ድራሙን ጨርቅ አለበስሁት። ጎረቤቲቱ ደጅ ላይ ቆመው "ወፍጮው ተበላሸ?" አሉ። ተበላሸ አልኋቸው።

ሚያዝያ 23

ይህን እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጠዳ ዕቃ ላደርስ ሄጄ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ድምፅ ሰማሁ። አወቅሁት። የበረዶው ዘፈን!  ቀረብሁ። አራት ተማሪዎች፣ አንድ የተሰነጠቀ ጊታር፣ በርሜል እንደ ድራም። የምታጓራው ሴት ናት። ይመኙሽ ትባላለች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች። ድምፁ ከየት ነው የሚወጣው?

ከቪዲዮው ነው የተማሩት። ጠዳ ብቻ አይደለም፣ ዳባትም የሚጫወቱት አሉ አለችኝ። እንግዲህ ቪዲዮው ጫጫታ ነው፣ ቃሉ አይሰማም፤ የራሳቸውን ቃል ሞልተውበታል። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ግን አራቱም ቀጥ አሉና አንድ ላይ፦

"ልጄን! ልጄን ያዙልኝ! ኧረ ልጄን!"

የእማማ አየለች ጩኸት። አዝማች አድርገውታል። የዘፈኑ ክፍል መስሏቸው!

የመኪናችን ጎማ ሥር ተቀመጥሁ። መቆጣት አለብኝ? ማልቀስ? ሥራዬን ረስቼ ሦስቴ አስደገምኋቸው።

ሚያዝያ 24

ለቢያዝን ነገርሁት።  ሳቀ፣ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው። ስልክ አንሥቶ ድብ ባሕር ደወለ።

"እማ፣ ዘፋኝ ሆነሻል።"

የእማማ አየለች ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። "ምን አልሁ ደግሞ?"

ሰኔ 5

ትናንት የጠዳ ልጆች መጀመሪያ ዝግጅታቸውን አቀረቡ። ሜዳ ላይ፣ በቀን። ድራም የለንም ስላሉ የኔን ልወስድላቸው ሆነ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሱቅ አልከፍትም ብዬ ለአባባ ነገርሁት። ቁልፉን አነሣና "በታክሲ ይሰበራል፣ በኛ መኪና እናድርሰው" አለ። እኔ፣ አባባ፣ ድራም። 

ቢያዝን ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበር። ኮረንቲው ወደ መሬት እንዲወርድ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ሽቦ አስሮበታል፣ እያንዳንዱን መሰኪያ በስምንት ጣቱ ይፈትሻል። ውኃ የያዘ ሰው አያስጠጋም። ሕመም የለም፣ ቁጭትም ያለበት አይመስልም... ወይስ ይደብቀኛል? ይመኙሽን ወደ ጎን ወስዶ ሆዷ ላይ መጽሐፍ አስያዛት። "ከዚህ ነው። ጉሮሮሽን ተይው።" አፉን ከፍቶ አሳያት። ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ። እሷ ግን ገባት።

ዓይናዲስ ቤዝ ያዘች። እኔ ድራም ላይ ተቀመጥሁ። ይመኙሽ መነጽሯን አውልቃ ለእናቷ ሰጠችና አፏን ከፈተች። ከባሕር ዛፉ ላይ ወፎች ተነሡ። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

አባባ ከመኪናው ወርዶ በፍጥነት መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቢያዝንን ክንዱን ያዘው።

"ይህች ልጅ ደህና ናት?"

"ደህና ናት አባባ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በደንብ።"

ዘፈኑ አለቀ። ሕዝቡ ያጨብጭብ አያጨብጭብ ግራ ገብቶት ቆሟል። አባባ ድንጋይ ፈልጎ ቁጭ አለ፣ ኮፍያውን አስተካከለ፣ ወደኔ አየ።

"ታዲያ ምነው አቆመች?" አለ።