ከላይ አገር፣ ከታች ገንፎ

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። የሰው አገር ሥራ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ። ሸዋ ሮቢትም እንደምታውቂያት ናት፤ ከረፋዱ ጀምሮ ባጃጆቹ ሳይቀሩ ጥላ ይሻማሉ። አባባ ሰላም ብለውሻል። ይህን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ዘምዘም ናት። በስልክ ልነግርሽ ብዬ አፌ እምቢ አለኝ።

እማ፣ ወንድሜ ጣሪቅ በላክሽለት ላፕቶፕ የሚያበረውን አውሮፕላን ታስታውሻለሽ? ሲሙሌተር የሚለውን ጨዋታ። እዚያ ውስጥ የእኛ አገር ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ ነው፤ መሬቱ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ከፍ ብለሽ ስታበሪ የሮቢ ወንዝ፣ የሽንኩርቱ ማሳ፣ የደሴ መንገድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዝቅ ስትዪ ግን ሁሉም ይሟሟል። "ከላይ አገር፣ ከታች ገንፎ" እያለ ይስቅ ነበር። ስለዚህ መስጊዱን፣ በራችን ላይ ያለውን ማንጎ፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ ራሱ ይሠራቸው ጀመር። ጀውሃ ሜዳ ላይም አስፋልት አነጠፈ፤ አንቺ በአውሮፕላን ስትመጪ የምታርፊበት። ምስል ባይጠራም ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል ይለኝ ነበር፤ ውሸቱን የሚያጋልጠው እንቅስቃሴ ነው። መሪውን አዙረሽ ምስሉ ትንሽ ከዘገየ ሆድሽ ያውቃል።

ትኩሳቱ ለቀቀው ያልንሽ ሰሞን "በቪዲዮ ካላየሁት" ብለሽ አስጨነቅሽን። አባባ "ሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ብትሰማ ማን ይይዛታል?" አሉ። ከዚያ የጣሪቅን ሸሚዝ አልብሰው፣ መስኮቱን ከኋላዬ አድርገው አስቀመጡኝ። ፊቴ ጠቁሯል፣ ኔትወርኩ ደክሟል፤ ምስሉ ገንፎ ነበር። "ጣሪቄ፣ ከሳህብኝ" አልሽ። አመንሽ። ቀጥለሽ "እስቲ እጅህን አውለብልብልኝ" አልሽኝ። አውለበለብኩ። በቀኝ እጄ።

ያን ግራኝ ገበታ ላይ "በቀኝህ ብላ!" እያልሽ ስንቴ እጁን መታሽው፣ እማ?

ዝም አልሽ። ቆይተሽ "ኔትወርኩ ነው" አልሽ። ኔትወርኩ አልተቋረጠም ነበር፤ ስትተነፍሺ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ ስለ እሱ ጠይቀሽ አታውቂም። አባባ "ተመስገን፣ አልጠረጠረችም" ይላሉ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። የጀመረውን ቤታችንን ልጨርሰው ሞክሬ አቃተኝ፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም። ጀውሃ ላይ አርፌ አውሮፕላኑን እስከ በራችን እነዳዋለሁ። ማንጎው አለ። ሰው የለም። ሰው መሥራት ጋ አልደረሰም።

አሠሪዎችሽ እንደማይለቁሽ አውቃለሁ፤ ነዪ አልልሽም። በሚቀጥለው ስትደውዪ ግን አንድ ጊዜ ስለ እሱ ጠይቂኝ። እኔ መጀመር አልችልም። አብረን ዝም ማለቱ ደከመኝ።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ