በቆሮሶ ፋንታ አምባዛ

ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ
እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ 1989 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ዘርይሁን፣

የላኳቸው ሽማግሌዎች መጥተው ሄዱ። ጸለዩ፣ ሻይ ጠጡ። እርስዎ ሞምባሳ ሆነው መልሴን እንደሚጠብቁ ነገሩኝ። መልሱን በእነሱ አፍ መላክ ግን አልፈለግሁም። ያለሰልሱታል።

ለዓሣ ምርመራ ሽማግሌ ሲላክ ይኸው አየሁ። ጋሽ ሐብተማርያም ከአየር መንገድ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ ይኼንንም እንደዚያው ነው የያዙት። ገና ሳይቀመጡ ይቅር በዪው አሉኝ። ቂም የለኝም አልኳቸው። ሐይቁን በሸፈነው አረም ላይ የሚረጭ መድኃኒት እንድንመረምር ወደ ቤተ ሙከራችን መጣልን፤ ገንዳ ውሃ ውስጥ በጥብጬ ቆሮሶ ዓሣ ለቀቅሁበት፤ ሻጩ ምንም አይጎዳም ባለው መጠን ሁሉም አለቁ። በንጹሑ ውሃ ያሉት አሁንም ይዋኛሉ። እርስዎ ደግሞ የቆሮሶውን ተይውና በአምባዛ ድገሚው አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው፣ አልኳቸው።

አብረዋቸው የመጡት እኅት ኤልሳቤት አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ለዓሣ ብለሽ ነው ከወንድምሽ የምትጣዪው? ዓሣ እኮ እንበላለን፣ ሠናይት።"

ጋሽ ሐብተማርያም መሀል ቦታ ፈለጉ። ልማዳቸው ነው።

"እሱም ትንሽ ይተው፣ አንቺም ትንሽ ተይ። ግማሾቹ ሞቱ ብትዪስ?"

ሳቄ መጣ።

"ጋሼ፣ የሞቱት በእኔ እልህ አይደለም እኮ።"

እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ያሉት ሰዎች ውሃውን ይጠጡት እንደሆነ ጠየቁኝ። ይጠጡታል አልኩ። ስኳሩ የሟሟውን ሻይ ሲያማስሉ ቆዩና፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ እርስዎ ያስያዟቸውን የመጨረሻ ነገር አወጡ።

"የሥራ ፐርሚትሽ በእሱ በኩል ነው። እንዳትረሳው ብሏል።"

አልረሳሁም። እንዴት እረሳለሁ? ፖሊስ መንገድ ላይ ኪፓንዴ፣ መታወቂያ አምጪ፣ ባለኝ ቁጥር የማወጣው ወረቀት ላይ የእርስዎ ድርጅት ስም አለ። ከካኩማ የስደተኞች ካምፕ ያወጡኝ እርስዎ ነዎት። ኢምባካሲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ቤተ ሙከራዎ፣ ገንዳዎቹ ፊት አቁመው ዓሣ ሲመረዝ መተንፈሻ ስንጥቡ እንዴት እንደሚጣደፍ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። "ሁልጊዜ ደካማውን ምረጪ፤ ጠንካራው ምንም አይነግርሽም" ያሉኝም እርስዎ።

ታዲያ አምባዛ ለምን? ውሃው ሲከፋበት ብቅ ብሎ አየር ስለሚጎርስ። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ያላወቁት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው።

 ደፋር አይደለሁም። ታች መንገድ ላይ ማታቱ ታክሲ ሲቆም ፖሊስ ነው ብዬ መጋረጃ የምገልጥ ሰው ነኝ። አሁንም ገልጬ አየሁ። ማንም የለም። ፈራሁ ማለት ግን እሺ አልኩ ማለት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገው ያዩብኝ ይመስለኛል። ምናልባት እኔም እስከዚህ ሳምንት ድረስ አንድ ይመስሉኝ ነበር።

ያስመጧቸውን አምባዛዎች ሞክሬአቸዋለሁ። አልሞቱም። እንዴት እንዳልሞቱም አይቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ገንዳው አፍ ላይ ተደራርበው አየር ሲሻሙ። ይህንንም ጽፌዋለሁ። የቆሮሶውም የአምባዛውም ውጤት አንድ ሪፖርት ላይ ነው፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

ሪፖርቱን ዓርብ ዕለት፣ መድኃኒቱን ሊያስረጭ ላሰበው መሥሪያ ቤት በእጄ አስረክቤአለሁ። ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም። እርስዎ መጀመሪያ ከእኔ እንዲሰሙት ፈልጌ ነው። ያን ያህል አከብርዎታለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን አይጠይቁኝ።

ፐርሚቱን መሰረዝ ይችላሉ። የካኩማን መንገድ አውቀዋለሁ፤ አቧራውንም፣ ወረፋውንም። እንደገና ብሄድ ምን እንደሚጠብቀኝ ሳላውቅ የጻፍኩት አይምሰልዎ።

ነገ ጠዋት ግን የቤተ ሙከራውን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። በንጹሑ ውሃ ያሉት ዓሦች መብላት አለባቸው። ቁልፉን ከፈለጉ ራስዎ መጥተው ከእጄ ይውሰዱ። ሽማግሌ አይላኩ።

ሠናይት