ሁሌ በርቶ የሚመለሰው ፋኖስ

ነገሌ ቦረና፣ ኅዳር 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

አካም ጅርታ? የአዲስ አበባው ብርድ ደረትሽን እንዴት አደረገው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ፍየሎቹ ናጋ፣ ሰላም ናቸው፤ ቀይዋ መንታ ወልዳለች። ዝናቡ ጥቂት ወርውሮ ሄደ። ከአሬሮ የሚመጡ ሰዎች ኩሬው ከአሁኑ ጭቃ ሆኗል ይላሉ።

በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬ ነበር፤ ስለ ፍየሎቹ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩት። የጭነት መኪና ሾፌሩ ፋዲል ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚነሳ ከቅዳሜ በፊት ይደርስሻል።

እሁድ የነገርሽኝን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ሳቂብኝ። ለአሬሮው ጉድጓድ የምትሠሩት የፀሐይ ፓምፕ የወጣውን ውሃ በየቅጽበቱ ይደምራል። ድምሩ ልኩ ላይ ሲደርስ የሚስበውን ይቀንሳል፤ ውሃው ለቦና፣ ለበጋው ወራት እንዲበቃ፣ ሞተሩም ጭቃ ስቦ እንዳይቃጠል። ማሽኑ ግን ለአንድ ቁጥር ያለው ቦታ ውስን ነው። ድምሩ ሲያብጥ የቅጽበቷ ጠብታ ቦታ አጥታ ትወድቃለች። አንቺ የወደቀውን ለቅማ ለብቻ የምትይዝ፣ ከሚቀጥለው ጋር መልሳ የምትደምር አንዲት መስመር ጻፍሽ። የጻፍሽውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ደግሞ "ፍጠን" ተብሎ ሲታዘዝ፣ በትምህርት ቤት ሒሳብ አስቦ "የተደመረው መልሶ ከተቀነሰ ዜሮ ነው፤ ይህች መስመር ሥራ የላትም" ብሎ ሰረዛት። ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት ድምሩ ገና ትንሽ ስለሆነ ልዩነት አይታይም። ቦና ሲገፋ ግን ውሃው እየፈሰሰ ድምሩ ይቆማል። ማሽኑም ልኩ አልደረሰም ብሎ ይስባል፣ እስኪያልቅ ድረስ። የዚያን ጊዜ ከብቱን ነድቶ የመጣ ሰው ወዴት ይሄዳል?

ያቺን ክፍል ብቻ እንዳይነካት ኮምፓይለሩን ማዘዝ ይቻላል፣ ሌላው ይፍጠን አልሽኝ። አለቃሽ ደግሞ እንደገና መፈተሹ ጭነቱን ያዘገያል አለ። "ቦረና ውስጥ ጠብታ የሚቆጥር ማን አለ?" ብሎ ሰው አሳቀብሽ። ቅዳሜ ከመጫኑ በፊት ትክክል ነው ብለሽ እንድትፈርሚ፣ እምቢ ካልሽ ሌላ ፈራሚ እንዳለው ነገረሽ።

እኔስ ምን አልኩሽ? "ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ" አልኩሽ። "ሁሌ ዜሮ ከሆነ ምን ያጣላሻል?" አልኩሽ። እኔ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አወቅሁት። ከዚህ በፊት በአባትሽ ፊትም ወጥቶ ያውቃል።

አባትሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደሞተ ታውቂያለሽ። ጡት ላይ ስለነበርሽ አወራረዱን አላየሽም። ፓምፕ ሊጠግን ከመውረዱ በፊት የበራ ፋኖስ በገመድ ይወርድ ነበር። እሳቱ ከጠፋ ታች ያለው አየር ሰው ይገድላል። ፋኖሱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አልወጣም። የጉድጓዱ ሽማግሌ አባ ጉራቻ "ጉድጓዱን አግብተኸው ነው መብራት የምታበራለት?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም "አንቱ ቀድመው ይውረዱና ፋኖሱን እተወዋለሁ" ይላቸዋል።

ያን ቀን ከብቱ ተጠምቶ ይጮሃል፣ ሰው ይገፋፋል። የሚቀልዱት አባ ጉራቻ ራሳቸው "ፋኖሱስ?" ብለው ጠየቁ። አባትሽ ገመዱን ወገቡ ላይ እንዳሰረ ወደ እኔ ዞረ።

የቀረውን ነግሬሻለሁ። ላምባ አልቆብን ነበር ብዬሻለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ብቻዬን፣ ከፉዚያ ሱቅ አሮጌ ጋዜጣ እየለመንኩ። ሰው ሁሉ "ለልጇ ብላ ነው" ይላል። እኔ የምፈልገው ስለ ጉድጓድ አየር የተጻፈ ነገር ነበር። ፋኖስ ወረደም አልወረደም ያው ይሞት ነበር የሚል አንድ ገጽ ፈለግሁ። እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስለዚህ ልጄ፣ እሁድ ያልኩሽን ጣይው። አትፈርሚ። ሌላ ሰው ቢፈርምም ዝም አትበይ፤ ፓምፑን ለሚረከቡት ሽማግሌዎች ደውዪላቸው። ከእነሱም አባ ጉራቻ ዛሬም አሉ፣ ጆሯቸውም ደህና ነው። የልጃቸውን ስልክ ከጀርባ ጽፌልሻለሁ። ስለ ውሃው ስትነግሪያቸው ይሰሙሻል። ስለዚያ ቀን ከጠየቅሻቸውም አይዋሹሽም። ሥራውን ብታጪ ቤትሽ እዚህ ነው፤ ከጠየቅሻቸው በኋላም መምጣት ከፈለግሽ።

ፋኖሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ በፋዲል እጅ ልኬልሻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አብርቼውም አጥቤውም አላውቅም። ላምባው በዓመታት ተንኖ አልቋል፤ ቢጫ ምልክቱ ግን ዙሪያውን እስከ አንገቱ ድረስ ቀርቷል። ብርሃን ላይ አድርገሽ እዪው።

ዋቃ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እጅሽ ለመፈረም አይቸኩል፣ ምላስሽ እንደ እኔ አይፍጠን።

እናትሽ